መጀመሪያ የምትውጠው

…ናፊሳ ናት የነገረችኝ፣ ምድር ቤት ያለችው ናፊሳ፣ እሷው ናት ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት፣ የሻዲያን ሠራተኛ ቡርቱካንን ደም አስመለሳት አለችኝ፣ ጥቁር፣ አተላ የመሰለ፣ ወላሂ አልገረመኝም፣ ሻዲያን ግድግዳ ለግድግዳ አስራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ፣ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ባሏ ሳሊሕ ሰይደሊያ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሮጦ ኪኒን ያመጣል፣ እሷ ግን አትውጥም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺም ወገብሽን ያምሽ የለ፣ እንቺ፣ ብላ ለሠራተኛዋ ታስቀድማለች። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን የልጅቱን እግር እያገላበጠች፣ አበጠ? ሆድሽን አቃጠለሽ? ልክ እንደ ሐኪም፣ አስተግፊሩላህ፣ ዓሣ የተጠረጠረ እንደሆነ ለድመት ይጣላል፣ ልጅቱ ድመት ናት?

ቀዩ ኪኒን ቡርቱካንን አቃጠላት፣ ተጣለ። ነጩ ምንም አላላትም፣ ሻዲያ ወር ሙሉ ዋጠችው። ረመዷን ላይ ነጩ ከሰፈሩ ጠፍቶ ቢጫው መጣ፣ መግሪብ አዛን ሲል ቡርቱካን በአንዲት ተምር ዋጥ አድርጋ ወደ ሳምቡሳው መጥበሻ ትሮጣለች መስኪን፣ ባዶ ሆዷን፣ ማዳሟ ሾርባዋን ፉት እያለች። አቃጠለኝ ብትላት፣ ጾሙ ነው የሚያቃጥልሽ፣ ታገሺ፣ አጅር አለው፣ ምንዳ፣ ትላታለች። አጅር። በጾም ታሳብባለች፣ አላህን አትፈራ።

ቆይ፣ እሷስ እሷ ናት፣ እኔስ፣ ማን ጠየቀኝ፣ እኔንም ጉልበቴን ያመኛል፣ ከረመዷን በፊት፣ ሻዕባን ላይ፣ ደረጃው ላይ አቁሜያት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቡርቱኬ፣ የቱ ነው ያላቃጠለሽ? ነጩ፣ እትዬ ሰፊያ፣ ነጩን ግዢ፣ አለችኝ ሳቅ ብላ፣ ለእኔ አስባ፣ ገዛሁ፣ ደብቄ አስቀመጥኩ፣ ይኸው ትራሴ ሥር ነው፣ ጉልበቴም ተሽሎታል፣ እና አሁን ሻዲያን የምረግመው በየትኛው አፌ ነው፣ ብቻ እረግማታለሁ፣ እኔ ጠየቅኩ እንጂ አላስዋጥኩም፣ አላስዋጥኩም።

ቡርቱካን ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ተረፈች፣ ከዒድ በኋላ አገሯ ወሎ ገባች። ናፊሳ ሻዲያን ሰላም አትልም። ሳሊሕ ኪኒን ማምጣቱን አልተወም። ሻዲያ ሌላ ልጅ ቀጠረች፣ ዋሂዳ የምትባል፣ በግድግዳው ይሰማኛል፣ አቃጠለሽ? ትላታለች።

እኔ ነጩን እውጣለሁ። ከበላሁ በኋላ።