ወንዝ ማዶ የተገኘው የክትባት ካርድ

ቀበሮው ጋሌቦዌ ግቢ የገባው በጠራራ ፀሐይ፣ ዶሮዎቹ ጥላ ሥር ተኮልኩለው ሳለ ነው። ጤነኛ ቀበሮ በቀን ሰው ቤት አይደፍርም። ይሄኛው ግን ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ በር አመራ። ውሻዋ ባትላሬንግ ዘሎ አነቀው። ጎረቤት መጥረቢያ ይዞ ደርሶ ቀበሮውን ሲገድል የውሻው አፍንጫ ተሸንትሮ ደም ይንጠባጠብ ነበር።

ውሻውን ያሳደገው ባሏ ኦቴንግ ነው። ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፤ በቋንቋቸው «ምን ይሉ ይሆን» ማለት ነው። ኦቴንግ ከሞተ ስምንት ወሩ፤ ጋሌቦዌ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ከተማ ከገቡ ቆይተዋል። በዚያ ግቢ ከእሷ ጋር የሚተነፍስ ነገር ቢኖር ባትላሬንግ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ጤና ረዳቱ ራ ሞኤቲ በመኪና መጣ። ወደ መንደሩ ከተዛወረ ገና አራት ወሩ ነው። ጓንት አጥልቆ የቀበሮውን ሬሳ ለምርመራ ጠቀለለና ዛፍ ሥር የታሰረውን ውሻ ራቅ ብሎ አየው።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው የምጠረጥረው እማ። እርስዎን አልነካዎትም? ለሃጩስ?»

«እኔን አልነካኝም።»

«ይመስገን። የውሻው የክትባት ካርድ የታለ?»

«ባለቤቴ ነበር የሚያስከትበው። በየዓመቱ።»

«እሱማ ጥሩ፤ ካርዱን ያምጡልኛ።»

ጋሌቦዌ ሳጥኑን በረበረች፤ የኦቴንግን ካፖርት ኪሶች ሁሉ ገለበጠች። የለም። ራ ሞኤቲ ከመኪናው የድሮውን መዝገብ አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«በዚህ ቤት ስም የተከተበ ውሻ የለም። ቆይ… ኦቴንግ የሚል አለ። ግን ወንዝ ማዶ ነው፤ እማ ሴጋሜትሲ ግቢ። ቡናማ ወንድ ውሻ፣ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ። ስሙ ኦናሌና።»

ጋሌቦዌ ዞር ብላ የውሻዋን የተቆረጠ ግራ ጆሮ አየች። ኦናሌና። «ከእኔ ጋር ነው» ማለት።

«የስንት ዓመት ነው የተጻፈው?» አለች።

«አምስት ዓመት ተከታትሎ አለ። ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ። ያለፈውን ዓመት ገጽ ግን ምስጥ በልቶታል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ካርዱ ከተገኘ ዛሬውኑ ሌላ መርፌ እወጋውና አርባ አምስት ቀን ታስሮ ይቆያል። ካልተገኘ…» ጓንቱን እያወለቀ አቀረቀረ። «መገደሉ ነው እማ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ። ኦቴንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብቶቹን ለማየት ይሄድ ነበር፤ ውሻውን አስከትሎ። ማታ ሲመለስ እንዳልራበው ይናገር ነበር። እሷ ደግሞ «እረኞቹ አብልተውት ነው» እያለች ገንፎውን ከድና ታስቀምጥለት ነበር። ስንቱን ቅዳሜ!

ለአፍታ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ካርዱ እዚያው ይቅር። ውሻው ይሙት። ያቺ ሴትም «ከእኔ ጋር ነው» ያለችውን ትጣው። ውሻው ግን ገመዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ተስቦ ሊጠጋት ሲሞክር አየችውና ሻሿን ጠምጥማ ወጣች።

ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው። ከሞፓኔ ዛፎቹ ሥር ለምግብ የሚሆን አባጨጓሬ የሚለቅሙ ሴቶች ቀና ብለው ሲያዩዋት አንዷ አላስቻላትም።

«እማ ጋሌቦዌ! ጥቁር ለብሶ እንዲህ ይዞራል እንዴ? ዝናቡን ልታስቀሪብን ነው?»

«ዝናቡ መች መጣና ነው የሚቀረው!» ብላት አለፈች።

በመንገዷ ሁሉ ሴትዮዋን በልቧ ስታበጃጃት ነበር፤ ወጣት፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ፣ ዳሌዋ የሞላ። ግቢው ስትደርስ ያገኘቻት ግን በዕድሜ የምትበልጣት፣ ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት፣ አንድ እግሯን የምትጎትት ከሲታ ሴት ናት። ድመት ታቅፋ ከጆሮዋ መዥገር ትለቅማለች። ጋሌቦዌ ይሄኔ ነው ይበልጥ የቆሰለችው። ቆንጆ ብትሆን ወንድ ነው፣ ዓይኑ ነው ይባላል። በዚች ሴት ግን ምን ይባላል?

ሴጋሜትሲ ጥቁሩን ቀሚስ አይታ ማን እንደመጣባት አወቀች። ድመቷን አወረደች።

«ግቢ» አለች።

«ልቀመጥ አልመጣሁም። የውሻዬን ካርድ ስጪኝ።»

«ምን ሆነ?»

«እብድ ቀበሮ ነከሰው። ካርድ ከሌለው ይገድሉታል።»

ሴጋሜትሲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እግሯን እየጎተተች ገብታ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ይዛ ወጣች፤ አልዘረጋችውም ግን፤ ደረቷ ላይ ያዘችው። ጋሌቦዌ ከላይ የኦቴንግን የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ አየች። ለእሷ በሠላሳ ዓመት አንዲት ደብዳቤ አልጻፈላትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ጋሌቦዌ።

«ከአንቺ በፊት ነበርኩ። አባቴ ለጥሎሽ ከብትህ አይበቃም ብሎ መለሰው። ከዚያ አንቺን አገባ። ባሌ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ጣሪያዬን ሊጠግን መጣ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ። ሻይ ይጠጣል፣ ውሻው እግሩ ሥር ይተኛል። የያኔው ረዳት ለክትባት የሚመጣው ቅዳሜ ስለነበር ውሻውን ከድመቴ ጋር አስከተብናቸው።»

«ሻይ ብቻ?»

«ሻይ ብልሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች ሴጋሜትሲ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «አንቺ ስታለቅሺለት ሰው አብሮሽ አለቀሰ። ጥቁሩን አለበሱሽ። እኔ ደግሞ መሞቱን ያወቅኩት ውሻው ቅዳሜ ብቻውን ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ቅዳሜ አልቀረም። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አላየሽኝም። እኔም ልክ እንዳንቺ እቃጠላለሁ፤ በዚህች ጥቁር ቀሚስሽ እቃጠላለሁ።»

ጋሌቦዌ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ልትሰማ፣ እሷም ሰው የሚቀናበት ነገር ይኖራታል ብላ አስባ አታውቅም። እጇን ብቻ ዘረጋች። ሴጋሜትሲ ካርዱን አንዴ በቀሚሷ ጠረገችና ሰጠቻት።

«እየመጣሁ ልየው» አለች።

«አይሆንም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራ ሞኤቲ ካርዱን ገለጠ። ያለፈው ዓመት ክትባት ከነፊርማው ቁጭ ብሏል። «ተረፈ!» ብሎ ቁስሉን በሳሙና ደጋግሞ አጠበና መርፌውን ወጋው። ከሳምንት በኋላ ቀበሮው በሽታው እንደነበረበት ውጤቱ መጣ። ውሻው ግን ሳል እንኳ አልነካውም፤ ሌላ ነገር ነው የያዘው። ምግብ አልቀምስ አለ። ገንፎ አቀረበችለት፣ አጥንት ቀቀለችለት፤ አፉን ወደ ወንዙ አዙሮ ይተኛል። ራ ሞኤቲ ሁለቴ መጥቶ መረመረውና «በሽታ የለበትም፤ የናፈቀው አለ» አላት።

«የናፈቀውንማ አውቃለሁ» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ወንዙን ተሻገረች። በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣ «አይበላም፤ ነይ» ብቻ አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ሴጋሜትሲ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች፣ ከገመዱ ርዝመት ውጭ ተቀምጣ ትጠራዋለች፤ ውሻውም ይበላል። ጋሌቦዌ ሻይ ትሰጣታለች፤ እጀታው በተሰበረው ቆርቆሮ ኩባያ ግን። ውሻው ለማን ጅራቱን አብዝቶ እንደሚቆላ እያየች በቅናት ትብሰለሰላለች። በአንድ ቅዳሜ ሴጋሜትሲ ቀረች። ጋሌቦዌ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለችና በራሷ ተናደደች። በማግስቱ ሄዳ እግሯ አብጦ ተኝታ አገኘቻት፤ ሳትጠየቅ ውኃ ቀድታላት ተመለሰች።

አርባ አምስቱ ቀን ሲሞላ ራ ሞኤቲ ውሻውን ፈታው። እንደ ጥጃ ግቢውን ሦስቴ ዞረና መጥቶ ሁለቱ ሴቶች መካከል ተዘረጋ። ሴጋሜትሲ ጆሮውን እየዳበሰች፣ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«መጨረሻ ላይ… ምን አለ?»

ኦቴንግ ምንም አላለም ነበር። ተኝቶ ነው የሄደው።

«ስሜን ጠራ» አለች ጋሌቦዌ።

«ደግ አደረገ» አለች ሴጋሜትሲ። «እንኳን ብቻውን አልሆነ።»

ጋሌቦዌ ያሸነፈች መስሏት ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣላትም። ተነስታ ገባች፤ ለራሷ ባስቀመጠችው ጥሩ ኩባያ ሻይ ቀድታ አመጣችና ሴጋሜትሲ አጠገብ አስቀመጠችው። እውነቱን ግን አልነገረቻትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።