ፊርማው እንዳይደበዝዝ

ከዓይን ሐኪሙ ዘንድ ከተመለስኩ ጀምሮ ቁጭ ብድግ አበዛሁ። ወጥ ቤት እገባለሁ፣ ምን ልይዝ እንደገባሁ ይጠፋኛል፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ሳሎን ስደርስ ደግሞ እንደ ልማዴ ጉልበቴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት። ሳሎናችን በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው፤ ያለችን አንዲት ጭል ጭል የምትል አምፖል ናት።

ጥፋቱ የባሌ ነው። ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ የታላላቅ ሳይንቲስቶችን ደብዳቤ ከነፊርማቸው ይሰበስባል። ሌሎቹ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። አንዱን ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ ብርሃንን ሲመረምር የኖረ ሰው የጻፈውን፣ በመስታወት አስገጥሞ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል አለና መጋረጃውን ዘጋ። ይኸው ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጡ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ደብዳቤው ቁም ነገር ቢኖረው እንኳ ደግ ነበር! ሰውዬው ሌንስ ሠሪውን «የላክህልኝ ተሰንጥቆ ደረሰ፣ ሌላ ላክ» ብሎ ተቆጥቶታል፣ በቃ።

ስንት ጊዜ ለመንኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዛሬ ግን ቆሽቴ አረረ። ሄጄ መጋረጃውን ጨመደድኩት።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ልከፍተው።»

«ፊርማው ይጠፋል እኮ!»

«መሳቢያ ውስጥ ክተተዋ!»

«ከዚያ መቼ ላየው ነው? ካላየሁት ምን ያደርግልኛል?»

«እኔስ?» አልኩት። እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩበት። «እኔስ አንተን መቼ ልይህ? ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሙ አይድንም ብሎ ቁርጤን ነገረኝ።»

ሄዶ ደብዳቤውን ከግድግዳው አወረደ። ፊርማውን አንዴ እንኳ ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ተመልሶ መጋረጃውን ቢስበው እምቢ አለ፤ ብረቱ ዝጎ ኖሯል። በንዴት ሲጎትተው ከነብረቱ ተገንጥሎ ራሳችን ላይ ወረደ።

ሁለታችንም በአቧራው አነጠስን። ፀሐዩ ሳሎኑን ሞላው። አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ረስቼው ነበር።

«ምነው?» አለኝ።

«ለካ እንዲህ አርጅተሃል!»

«እንግዲያው መጋረጃውን ልስቀለው» አለና ሊያጎነብስ ሲል ያዝኩት።

«ዝም ብለህ ቁም። ገና አይቼህ አልጨረስኩም።»