ንባብ አይደለም

«ሐዘን ላይ መሆንዎን አላጣሁትም፣ መሪጌታ፤ ነገሩ ግን ጊዜ አይሰጥም» አለ ርእሰ መምህር አንዳርጋቸው፣ ከምንጣፉ ጫፍ ቁጢጥ ብሎ። «ሰኞ የመሠረተ ትምህርት እንግዶች ከአውራጃው ይመጣሉ። የሟችን ሥዕሎች በአዳራሹ ልንሰቅላቸው ፈልገናል።»

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ፊታቸውን አላዞሩም። ሟቿ አስተማሪዋ ልጃቸው የብርጓል ናት፤ ወባ ጥሏት ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው።

«የትኞቹን ሥዕሎች?»

«የአቡጀዲዎቹን ነዋ።»

«አምና ካላቃጠልሽ ያላችኋትን?»

«ያን ጊዜ መመሪያው ሌላ ነበር።»

ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር የተቀመጠው ዓሣ አስጋሪው አበራ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ጓድ አንዳርጋቸው ለለቅሶ ነው ወይስ ለስብሰባ የመጡት?» ሲል አንሾካሾከ። ሹክሹክታው ግን ሁሉም ዘንድ ደረሰ።

መሪጌታ አልሳቁም። አምና ይኸው ርእሰ መምህር ቤታቸው መጥቶ ያላቸውን እያሰቡ ነበር። የብርጓል፣ መጽሐፍ ሲከፈት ሆዴን አመመኝ የሚሉትን ሕፃናት ለብቻ ትሰበስብ ነበር። መጀመሪያ ልጁ ያየውን በአቡጀዲ ላይ ይሥላል፤ የሣለውን በአፉ ይተርካል፤ እርሷም ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ከሥዕሉ ሥር ትጽፍለታለች። ከዚያ በጣት እየተከተሉ፣ በዜማ እየተቀባበሉ ያነቡታል። ቃሉ ሲለመድ ሥዕሉ ይሸፈናል። ወላጆች ወደዱት፤ አንዳርጋቸው ግን መጽሐፉ ተናቀ ብሎ ተቈጣ። «እኔ ብከለክል አይሰሙኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማሉ» አላቸው። አርባ ዓመት ንባብ ያስተማሩት መሪጌታም አንዱን አቡጀዲ እንኳ ገልጠው ሳያዩ «ሥዕል አይቶ የሚናገር ገመተ እንጂ አላነበበም» ብለው ባመጣላቸው ወረቀት ላይ ፈረሙ። የብርጓል ከክፍል ወጥታ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነች። ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር አንድ ገበታ ስትቀርብ ስለዚያ ፊርማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«አቡጀዲው የት እንዳለ አላውቅም» አሉ።

«እኔ ዘንድ ነው» የሚል ድምፅ ከመግቢያው ተሰማ። ጨርቅ ነጋዴዋ ሀቢባ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ዘይነትን አስከትላ ቆማ ነበር። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ፣ መሪጌታ። ከሱቄ አስቀምጬዋለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ እንረከባለን» አለ አንዳርጋቸው።

«አይሰጥም!» አለች ዘይነት። «ዘጠኝ ልጆች ንባቡን ገና አልጨረሱም። እትዬ ሐይቁ ዳር ነበር የምታስተምረን። ከሥራ ስትወጣ፣ ሰው እንዳያየን ደንገሉ ውስጥ።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ትንኝ በሚወጣበት ሰዓት?»

«እኛን ነጠላዋን ታለብሰን ነበር። እሷን ግን ትንኙ ይበላት ነበር።»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ልጅቱ ዘረጉ።

«አንድ አቡጀዲ ይዘሻል?»

ልጅቱ ከብብቷ የታጠፈ አቡጀዲ አውጥታ ዘረጋች፤ ሥዕሉንም በመዳፏ ሸፈነች።

«እናቴ ጨርቅ ስትገዛ ክንዷ ይረዝማል፤ ስትሸጥ ያጥራል።»

«አንቺ!» አለች ሀቢባ። ለቀስተኛው ሣቁን በነጠላው ዋጠ።

«በቃልሽ ይዘሽው ይሆናል» አሉ መሪጌታ በጥብቅ ድምፅ። «ከመጨረሻው ወደ ኋላ አንብቢ።»

ዘይነት ጣቷን ከመጨረሻው ቃል ላይ አኖረች። «ያጥራል። ስትሸጥ። ይረዝማል። ክንዷ…» አንድም አልሳተችም። መሪጌታ የሚያርሙት አጡ።

«ያ ወረቀት አለ?» ብለው ወደ አንዳርጋቸው ዞሩ።

«የምኑ ወረቀት?»

«እኔ የፈረምሁበት።»

«መዝገብ ቤት ይኖራል።»

«እንግዶችህ ሲመጡ እርሱን ስቀል። ከሥሩም ‹የገዛ አባቷ ሳያይ ፈረመባት› ብለህ ጻፍ። አንተም ሳታፍር በሁለተኛ ቀኗ ልትወርሳት መጣህ! አቡጀዲው ከልጆቹ እጅ አይወጣም።»

«መሪጌታ፣ ይህ ንግግር ያስጠይቃል።»

«ልጠየቅ! የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው እዚህ የደረስሁ።»

አንዳርጋቸው ቆቡን አነሣ፤ በሰዎቹ መካከል መንገድ እየፈለገ ወጣ። ማንም ሊሸኘው አልተነሣም።

ዘይነት አቡጀዲዋን አጥፋ ወደ እናቷ ልትመለስ ስትል መሪጌታ በእጃቸው ጠሯት። ከሟች የሥጋ ዘመድ በቀር ማንም በማይቀመጥበት በጎናቸው ፈቀቅ ብለው ስፍራ ለቀቁ፤ ምንጣፉንም በመዳፋቸው ደልደል አደረጉላት።