ደምሰውና ጥርቅሙ

ደምሰው በየወሩ መጨረሻ ያንስ ነበር። ያነሰው አካሉ የትም አልጠፋም፤ ከጎኑ አግዳሚው ላይ እየተጠራቀመ ይቀመጥ ነበር።

ይህ የሆነው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ በሚያስተምር አንድ ኮሌጅ፣ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ በተማርንበት ዓመት ነው። አስተማሪያችን መምህርት ጽጌማርያም መስከረም ላይ ክፍሉን በቡድን ከፋፈሉትና እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቋሚ ንብረት መርጦ ዓመቱን ሙሉ እርጅናውን እንዲያሰላ አዘዙ። ወፍጮም ሆነ መኪና ሲገዛ ሙሉ ነው፤ ሲሠራበት ግን ዋጋው እያነሰ ይሄዳል። ያንን ማነስ በየወሩ መመዝገብ ነበር የኛ ሥራ። አንዱ ቡድን ወፍጮ ያዘ፣ ሌላው ሚኒባስ፣ ሌላው የዳቦ ምድጃ። የኛ ቡድን ሲከራከር ሰዓቱ አለቀ።

ደምሰው የመጣው ያኔ ነው። ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ሁልጊዜ «አንድ ሰው ላደርስ ነው» ይላል። በቡድን ሥራ ላይ ደግሞ በየኮሌጁ የታወቀ ደንብ አለ፤ ምንም ያልሠራ ሰው እንኳ ቢኖር ስሙ ከሽፋኑ ላይ አይቀርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ደምሰው ግን ሎሚ ይዞ ታይቶ አያውቅም። ቢሆንም ሲስቅ ክፍሉ ይሞቃል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ስሙን እያስገባን እዚህ ደርሰናል። እኔ ደግሞ እወደው ነበር። አልነገርኩትም እንጂ ከሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

የቡድናችን መሪ ዘነበወርቅ ያን ቀን ግን መረራት።

«ስምህ እንዲገባ ከፈለግህ አንድ ነገር አዋጣ» አለችው።

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። እኔኑ ጻፉኝ።»

«ንብረት አድርገን?»

«ምን ቸገረኝ።»

ዘነበወርቅ ጻፈችው። ዋጋውን ኪሎው አደረግነው። ስሌቱ እንዳያስቸግረን የአገልግሎት ዘመኑን አንድ ዓመት አልነው። አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚተርፈው ቀሪ ዋጋ ስንት ይሁን ብላ ስትጠይቅ ደምሰው ራሱ ሳቀ።

«ከኔ ምን ሊተርፍ ነው? ባዶ በይው።»

ባዶ አለችው።

የመስከረምን ቅናሽ መዝግበን ባስገባን በማግስቱ ደምሰው ጫማው ሰፍቶት መጣ። ከጎኑ ከጠርሙስ የማይበልጥ ሌላ ደምሰው እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ዘነበወርቅ ሁለቱንም በዓይኗ ለካችና «ልክ ነው፣ በየወሩ እኩል ነው የሚቀንሰው» አለች።

መምህርት ጽጌማርያምም አልደነገጡም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ነው» አሉ። «ከንብረቱ ጎን መቀመጥ አለበት። እንዳታስነሱት።»

ይህ ስም ለመጥሪያ ስለሚረዝም ክፍሉ ጥርቅሙ አለው።

የጥርቅሙ መልክ የደምሰው ነው፤ ጠባዩ ግን የማንም አይደለም። አያወራም፣ አይስቅም፣ አያረፍድም። ጠዋት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሰሌዳውን ዓይኑን ሳያርገበግብ ያያል። አንድ ጊዜ ቆሎ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ፣ ግን አልቆረጠመውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ቆሎውን እንደያዘ አገኘሁት።

ታኅሣሥ ላይ የደምሰው እግር የባጃጁን ፍሬን አልደርስ ስላለው ፔዳሉ ላይ የእንጨት ቁራጭ አሰረበት። ተሳፋሪዎች «አባትህ የት ሄዶ ነው?» ይሉታል። እሱም «ኮሌጅ ተቀምጧል» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል። ይህን ሲያወራልን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የካቲት ሲያልቅ ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ የምንለያቸው በሳቅ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥርቅሙ በለጠ። ሳቁም ከደምሰው ጋር አብሮ ስላነሰ ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ተማሪው ጋቢ ደርቦ መማር ጀመረ።

ሚያዝያ ላይ ምዝገባውን ለማቆም ሞከርን። መምህርት ጽጌማርያም ወረቀታችንን ሲያጡ ጠሩን።

«ባትመዘግቡትም እርጅና አይቀርም» አሉ። «ያለ ምዝገባ ቢያረጅ ደግሞ ነጥብ ይቀነስባችኋል።»

ወሩ ሲያልቅ ደምሰው ሳይመዘገብም አነሰ። እሳቸው የሚሉት ነገር ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ የሚያናድድ ጠባያቸው ነው።

ሰኔ ላይ ደምሰውን በዘንቢል ይዤ መምጣት ጀመርኩ። ባጃጁን የአጎቱ ልጅ ይነዳዋል። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዞን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠግተን ሳለ ከዘንቢሉ ውስጥ ጠራኝ። ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ስንዱ፣ ነሐሴ ሲያልቅ የት ነው የምሆነው?»

«አላውቅም» አልኩት። ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ የትምህርት ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እኔና ዘነበወርቅ ክፍሉ ፊት መፍትሔ ይዘን ቀረብን። ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጥርቅሙ ከቦታው ሆኖ ያየናል፤ አሁን ጭንቅላቱ ከሁሉም በላይ ነበር።

«ቲቸር» አለች ዘነበወርቅ፣ «የአገልግሎት ዘመኑን እናርዝምለት። አርባ ዓመት እንበለው።»

«ይቻላል» አሉ መምህርት ጽጌማርያም። «ግምት ሲለወጥ ግን የሚሠራው ከዛሬ ወደ ፊት ነው። የሄደው አይመለስም። አርባ ዓመት በዘንቢል ይኖራል ማለት ነው።»

«ሌላ መንገድ የለም?» አልኩ።

«የመጀመሪያው ምዝገባ ስህተት ከሆነ አለ። ስህተት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሥሩ ይታረማል።» ወደ ዘነበወርቅ ዞሩ። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ግምት ነው ወይስ ስህተት?»

«ስህተት ቢሆን ነጥቡስ?»

«ግማሹ ይሄዳል።»

ዘነበወርቅ በዚያ ኮሌጅ ከኤ በታች አግኝታ አታውቅም። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ግምት ነው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ዘንቢሉን ወደ መምህርቷ ገፋ አደረግኩት።

«ስህተት ነው» አልኩ።

«አስረጂ» አሉ መምህርት ጽጌማርያም። «ንብረት የሚባለው የምትቆጣጠሩትና ጥቅም የምትጠብቁበት ነገር ነው። ደምሰውን የተቆጣጠረው ሰው አለ?»

ከኋላ አንዱ ተነሣ።

«ቲቸር፣ እኔ በቀጠርኩት ቀን መጥቶ አያውቅም።»

«እኔን ጠዋት አድርሰኝ ብዬው ከሰዓት ነው የመጣው» አለች ሌላዋ።

«መጽሐፌን ለፈተና ብሎ ወስዶ ባጃጁ ጎማ ሥር አድርጎታል፤ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት።»

«የቡድን ሥራ አለ ስንለው ስልኩን ይዘጋል።»

ሰው ሁሉ መነሣት ጀመረ። ያን ያህል በፍቅር የታማ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ዘንቢሉ ውስጥ ደምሰው ለእያንዳንዱ ክስ «እውነት ነው» ይል ነበር።

«መቆጣጠሩ ቀረ» አሉ መምህርት ጽጌማርያም። «ጥቅሙስ? ይህን መመለስ ያለባት የቡድኑ መሪ ናት።»

ዘነበወርቅ ወደ ዘንቢሉ አየች። ደምሰውም ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ቀና ብሎ አያት።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ፣ «ከዚህ ሰው አንድም ቀን ጥቅም ጠብቄ አላውቅም።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለ ደምሰው።

መምህርት ጽጌማርያም ስሙን ከንብረት ላይ ከመስከረም ጀምሮ ሰረዙት። ነጥቡ በግማሽ ወረደ። ዘነበወርቅ መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ ከሁላችን በፊት ሳቀች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጥርቅሙ ቦታ ባዶ ነበር። እንጨቱ ላይ ቆሎ ብቻ ቀርቷል። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተና ደምሰው እንደ ድሮው ረጅም ሆኖ፣ ጋቢው እንደረጠበ፣ አርፍዶ ገባ።

«አንድ ሰው ላደርስ ሄጄ ነው» አለ።

«ግባ» አሉ መምህርት ጽጌማርያም።

መጥቶ በቀኜ ተቀመጠ። አግዳሚው ሲጮህ ሰማሁት፤ ክብደቱ ተመልሷል። ጋቢውን አራግፎ እኔም ላይ ደረበው። ብርዱ ወዲያው ቀለለኝ።

«ደምሰው፣ እወድሃለሁ» አልኩት በሹክሹክታ።

«በዘንቢል ተሸክመሽኝ ይህ ይጠፋኛል?» አለና ሳቀ። ክፍሉ ሞቀ። ከፊት ያሉት ጋቢያቸውን አወለቁ።

ከዚያ እጁን በጀርባዬ አሳልፎ ጋቢውን ወደ ግራ ጎተተው።

«ይበቃኛል» አልኩት።

«ላንቺ አይደለም» አለ። «ለትንሿ ነው። ብርድ ይዟታል።»

ወደ ግራ ዞርኩ። ከጠርሙስ የማትበልጥ ሴት እግሯን አንጠልጥላ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ሰሌዳውን ታያለች። ሹሩባዋ ጠዋት እኔ እንደተሠራሁት ነው። ጫማዬም ሰፍቶኛል፤ ዘንቢሉን ስሸከም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ባይመዘገብም እርጅና አይቀርም። ሳትዞር እጇን ዘረጋችና የጋቢውን ጫፍ ያዘች።