የኮሎኔሉ ሆድ

ኤሊ ገልብጦ ሆዱን ማየት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ጎናሪያ የሰማችው ዶክተር ኦታቪዮ ከከተማ የመጣ ዕለት ነው።

የመጣው የመንደሩን ኤሊዎች በየዝርያቸው ሊመዘግብ ነው። በሰርዲኒያ ደሴት ኤሊ የሌለው ጓሮ የለም፤ ዝርያውን የጠየቀ ሰው ደግሞ አልነበረም። አሁን መንግሥት ጠየቀ። የደሴቲቱ ተወላጅ የሆኑት ተለቅመው ወደ ተከለለው ኮረብታ ይሄዳሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጡት እንዳይዳቀሉባቸው በየጓሯቸው ይቀራሉ። መንደርተኛው "የኔማ ንጹሕ የአገር ልጅ ነው!" እያለ ሲፎክር ሰነበተ። ንጹሕ የሆነውን እንደሚወስዱበት እስኪገባው ድረስ ማለት ነው።

ጎናሪያ ቶሎ ገብቷታል። አራተኛ ክፍልን ባትጨርስም "ይወሰዳል" ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልጋትም። ኤሊዋን ኮሎኔሉን ደግሞ ለማንም አትሰጥም። ኮሎኔሉ የሁለት ዓመት ጨቅላ ነው፤ ከመዳፍ አይበልጥም። ልጆቿ ለሥራ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ ጠዋት ስትጠራው አንገቱን አስግጎ የሚመጣላት እሱ ብቻ ነው። ልጆቿማ አልረሷትም፤ በዓመት አንዴ፣ ለገና ይደውላሉ።

"የባሕር ማዶ ነው ብዬዎታለሁ፣ ዶክተር" አለች።

"በምን አወቁ?"

"በጠባዩ። የአገራችን ቢሆን እስካሁን ተጣልተን ነበር።"

ዶክተሩ አልሳቀም። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ኮሎኔሉን ገለበጠው። አራት እግሮች አየር ላይ መቅዘፍ ጀመሩ።

"ቀላል ነው" አለ። "ሆዱ ላይ ሳይቋረጡ የሚወርዱ ሁለት ጥቁር መስመሮች ካሉ የኛው ነው። ጥቁሩ ከተቆራረጠ ከባሕር ማዶ የመጣው የምሥራቁ ነው። ይኸው! እንዲህ ጥርት ያለ መስመር በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም!"

አያይም። ጎናሪያ በገዛ እጇ ነው የሠራችው።

እዚህ መንደር ኤሊ በካብ ሥር ፈልፍሎ ጎረቤት ስለሚገባ፣ እንደ በግ የቤተሰቡን ምልክት ሆዱ ላይ በቅጥራን ይቀባል። የነጎናሪያ ምልክት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሁለት ሰረዝ ነው። ግን ሕግ አለ፤ ግልገሉ በማንም ጓሮ ይፈልፈል፣ የእናቲቱን ባለቤት ሳይጠይቅ የቀባ ሌባ ነው። የኮሎኔሉ እናት ደግሞ የጎረቤቷ የባኪዚዮ ናት። ባኪዚዮ የልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ነው። "ግልገሌን ቀብተሽብኛል" ሲላት፣ "ቅጥራን ነክቼ ከሆነ እጄን ይቁረጠው!" ብላ ምላ፣ ይኸው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ስድብ ካልተቆጠረ።

ዛሬ ባኪዚዮ ካቡ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆሟል። ለእውቀት ብሎ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

"እንኳን ደስ ያለሽ አበልጄ! የአገር ጀግና አሳደግሽ!"

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ካቡ የጋራ ነው። ዶክተር፣ የኔዋን ትናንት የባሕር ማዶ ናት አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያ ይሄ የሷ ልጅ አይደለማ! ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ጠረጠርኳት። ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነኝ!"

ዶክተሩ ሣጥኑን ከፈተ። ኮሎኔሉን ወደ ውስጥ ሲያወርደው እግሮቹ እየቀዘፉ ነበር። ጎናሪያ እግሮቹን አየች፤ ካቡ ላይ ያለውን ፈገግታ አየች። ከዚያ ማድቤት ገብታ የወይራ ዘይትና ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

"ወዲህ ይበሉት።"

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"መንገደኛ አይደል? ላጥበው።"

ፈተገችው። ጨርቁ ጠቆረ። ጥርት ያለው መስመር እዚህ ጋ ተቆረጠ፣ እዚያ ጋ ተቆረጠ፤ በመጨረሻ ሆዱ ላይ የተበታተኑ ጥቁር ነጥቦች ብቻ ቀሩ። ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን ወለወለ፣ መልሶ አየ።

"ይሄ... የምሥራቁ ነው።"

"ስንቴ ልንገርዎት?"

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰረዘ። "በማን ስም ልመዝግበው ታዲያ?"

ባኪዚዮ ካቡን ዞሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሯ ገባ። "እሷ ትንገርዎት" አለ።

ጎናሪያ ፊቷን ጓሮዋ ውስጥ ወደተከለችው ቲማቲም አዞረች። "እኔ ነኝ የቀባሁት። ሳልጠይቅህ። ይቅር በለኝ።"

"ምን አልሽ አበልጄ? ጆሮዬ ደክሟል።"

ሦስት ቤት አልፎ ሲታማ የሚሰማ ጆሮ ነው።

"ይቅር በለኝ አልኩህ!" ስትል መንገድ ማዶ ያለው ውሻ ጮኸ።

ባኪዚዮ ኮሎኔሉን ከእጇ ተቀበለ። ዘይት የጠጣውን ሆድ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መለሰላት።

"በሷ ስም ይጻፉት" አለ። "ዘግይታም ቢሆን ጠይቃለች። ብቻ ዶክተሩ በደንብ የሰማ አልመሰለኝም፤ አንድ ጊዜ ብትደግሚው..."

ጎናሪያ በሩን አሳየችው። ለዶክተሩም አብራ አሳየችው።