አገጭ አያያዝ

የልብስ መቀሱ ጺሙን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከው ጀመር። አባቷ ፊታቸውን አኮማተሩ። አልጋ ላይ ከዋሉ አራተኛ ወራቸው ነው። ጺማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል፤ በአፋቸው ዙሪያ ሾርባ እየደረቀበት ተቋጥሯል። ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው ያስተማሩ ጡረተኞች ሊጠይቋቸው ይመጣሉ።

"እስኪ ሰው አስመስዪኝ" ብለዋት ነበር ጠዋት። "ልጁ ጸጉር ሠሪ፣ እሱ ጎፈሬ! አይሉኝም?"

ሦስት ዓመት ሙሉ የሴቶች ጸጉር ቤት እንደምትሠራ ነው የነገረቻቸው። የምትሠራው ግን ውሻ የሚታጠብበትና የሚስተካከልበት ቤት ነው። ጸጉራቸው የረዘመ ውሾች ሲመጡ ባልደረቦቿ ፊታቸውን ለእሷ ይተዉላታል፤ ከዓይን ሥርም ሆነ ከከንፈር ዳር መቀስ ስታስገባ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ቋጠሮውን በጣቶቿ ስታላላ አባቷ አመማቸውና ራሳቸውን ወዘወዙ። እጇ ሳያማክራት የለመደውን አደረገ፤ ጺማቸውን ከአገጫቸው ሥር ጨምድዶ ራሳቸውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። አፏም ተከተለ።

"እሽሽ... ዝም በል። ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!"

አባቷ ጺማቸው እንደተያዘ ዓይናቸውን ብቻ ወደ እሷ መለሱ። ያንን አስተያየታቸውን ከቀበረቻቸው በኋላም አልረሳችውም።

ለቀቀቻቸው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

"ይቅርታ አባዬ፣ አፌ ነው..."

"አፍሽን ተይው። እጅሽ ነው የለመደው።" ጺማቸውን ዳበሱና፣ "የሴቶች ጸጉር ቤት ጺም አለ እንዴ፣ ልጄ?"

በሌላ ቀን ቢሆን አብረው በሳቁ ነበር። በእነዚህ አራት ወራት የስንቱን ሰው ውሻ አገጭ አሳምራለች! የአባቷን ግን እጇ እንዳያሳብቅባት ፈርታ እስከ ዛሬ አልነካችም። ሾርባው ሲደርቅበት እያየች።

"የውሻ ነው፣ አባዬ። የምሠራው ውሻ ነው።"

አባቷ ጣሪያውን አዩ።

"እኔ ደግሞ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ስኩራራብሽ ከረምኩ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

የጺማቸው ግማሽ በልብስ መቀሱ ተሸራርፏል፤ ግማሹ እንደተንጠለጠለ ነው። ተነሥታ ከቦርሳዋ የሥራ መቀሷን አወጣች፤ ቆልመም ያለ፣ ጫፉ የማይወጋ። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ሳያዩዋት ልታጥበው በሩን ልትዘጋ ስትል ተወችው። ሙቅ ውሃና ሳሙና በሳፋ ይዛ ተመለሰች፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እያዩዋት መቀሱን ማጠብ ጀመረች።