ፔጅሜከር አላውቅም

ጁወይሪያ ፔጅሜከር እንደምትችል ማንም እንዳያውቅባት ተጠንቅቃ ከርማለች።

በአጎቷ በጋሽ ሰይፈዲን ማተሚያ ቤት ሥራዋ ደንበኛ መቀበል፣ ወረቀት መቁረጥና የታተመውን ማጠፍ ነው። ኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ በብየዳ ቤትና በልብስ ሰፊ መሀል የተሰነቀረችው ይህች ቤት ነፍሷ ያለው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የእድሩ ደንብ፣ የትምህርት ቤቶቹ ፈተና፣ የሰፈሩ ሰው የሠርግ ካርድ ሁሉ እዚያ አለ። ሁሉም የተሠራው በፔጅሜከር፣ ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ በድሮው የአማርኛ ፊደል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ሆሄ ትርምስ ይሆናል። በአዲስ ፕሮግራም እንሥራ ሲባሉ ጋሽ ሰይፈዲን፣ «የሚሠራ ነገር ምን በደለን?» ይላሉ።

አሮጌውን ኮምፒውተር የሚያውቀው ማኑሄ ብቻ ነው። እሱም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው «ሰው እስኪገኝ» ተብሎ ነበር። ያኔ ጢሙ ገና ሲያቀመቅም ነው፤ አሁን ግንባሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ልሂድ ባለ ቁጥር ጋሽ ሰይፈዲን አይቆጡም። «ማን ያዘህ? ሰው ተክተህ ሂድ» ይሉታል። ዛሬ ፔጅሜከር ልማር የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

ጁወይሪያ ይህን ስታይ ከርማ የምትማረውን መርጣለች። ዘነበወርቅ አካባቢ ያለ ማሠልጠኛ ጠዋት ጠዋት ኢንዲዛይን የሚባለውን አዲሱን የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ያስተምራል። መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ቤቶች የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የምትመኘውም መጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። ምዝገባው ነገ ያበቃል። ጠዋት ጠዋት እንዲለቋት አጎቷን ዛሬ ማታ ልትጠይቅ፣ የምትለውን ቃል በቃል አጥንታለች። ወረቀት የምታጥፍ ልጅ ለግማሽ ቀን ብትጎድል የሚያጥፍ አይጠፋም። ፔጅሜከር የምታውቅ ልጅ ግን አትለቀቅም።

ያወቀችው ፈልጋ አልነበረም። ከማኑሄ ጀርባ ቆማ ስታጥፍ እጇ እንጂ ዓይኗ ሥራ ስለሌለው ነው። አንዳንዴም ማኑሄ ምሳ ሲወጣ ጥቂት መስመር ትጽፍና ወዲያው ታጠፋለች።

በዚሁ ቀን ማኑሄ ጉዳይ አለኝ ብሎ በጠዋት ወጥቷል። ረፋድ ላይ የጎረቤት ሰው ጋሽ ፀሐዬ ገቡ። ሳይቀመጡ፣

«ሰይፉ፣ የኔነሽ አረፈች» አሉ።

ጋሽ ሰይፈዲን ብድግ አሉ። «ምን? መቼ?»

«ሌሊቱን። እጄን ይዛ።»

«ፈጣሪ ያጥናህ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያጥናህ።»

ጁወይሪያ የጋሽ ፀሐዬን ሚስት እትዬ የኔነሽን ታውቃቸዋለች። በሽታው ሲጸናባቸው በጋቢ ተጠቅልለው መጥተው ማኑሄ አጠገብ ተቀምጠው፣ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው አስጽፈው ሄደዋል። «ባሌ ከጻፈው ይዋሻል፣ ልጆቼ ከጻፉት ያለቅሳሉ፤ እኔው ልናገር» ብለው ቤቱን አስቀውት ነበር። ለቤተ ክርስቲያናቸው የደረሱትን መዝሙር ከመጨረሻው ገጽ አስገቡ፣ ፎቶአቸውን መረጡ፣ የሚያርፉበትን ቀን ብቻ ባዶ አስቀሩ። ቤታቸው ጽፈው ያመጡትን ረቂቅ ልጆቼ እንዳያገኙት ብለው እዚያው ቀደዱት።

«ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። «መዝሙሩን ሕዝቡ በእጁ ይዞ እንዲዘምር ብላኛለች። አደራ አለብኝ።»

ጋሽ ሰይፈዲን ለማኑሄ ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡና በአንድ ጣት ይነካኩ ጀመር።

«ይሄ ደግሞ ምን ይለኛል? አስቀምጥ ነው አጥፋ ነው የሚለው?»

«ኧረ እንዳታጠፋት!» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። «ተወው፣ በቃሌ ልንገርህና በእጅ ጻፈው። የኔነሽ...» ጀመሩና ቆሙ። «እንዴት ነበር ያለችው? ስለ እናቷ መጀመሪያ ላይ ያለችው ነገር ነበር...» ቀጣዩ ቃል አልመጣም።

ጁወይሪያ ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ ሆና ሁለቱን ሰዎች አየች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። እኔ ፔጅሜከር አላውቅም፣ አለች በልቧ። የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይነሱልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ይነሱልኝ። እችለዋለሁ።»

ወንበሩ በማኑሄ ቁመት ስለሆነ እግሯ መሬት አልደረሰም። ፋይሉን ከፈተች። እትዬ የኔነሽ ከነፈገግታቸው ብቅ አሉ። ቀኑን በድሮው የፊደል አጻጻፍ ሞላች፣ ገጾቹን ሲታጠፉ ተከታትለው እንዲመጡ አደረገችና አተመች። ጋሽ ፀሐዬ የመጀመሪያውን ቅጂ ቆመው አነበቡ። መሀል ላይ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ እንባ ሆኖ ወጣ።

«የአጎትሽን ቤት አኮራሽ!» አሏት።

ጋሽ ሰይፈዲን ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል። «አንቺ ጉደኛ! ይህን ይዘሽ ነው ወረቀት ስታጥፊ የከረምሽው?»

«ጋሼ፣ ስለ ትምህርት አንድ ነገር ልነግርዎ...»

«ደግሞ ምን የቀረሽ ትምህርት አለ!» አሉ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። ያጠናችውን ሁሉ ትታ ወደሚታጠፈው ወረቀት ዞረች።

የመጨረሻውን ሲያጥፉ ማኑሄ ደረሰ። ጋሽ ሰይፈዲን የሆነውን ነገሩት። ማኑሄ ሰምቶ ሲጨርስ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ሰው ተተካ ማለት ነው?» አላቸው።

ጋሽ ሰይፈዲን ልጅቷን አዩ። «ቃል ቃል ነው። ወሩን ጨርሰህ ሂድ፣ አላህ ያቅናልህ።» ወረቀቱን ተሸክመው ከጋሽ ፀሐዬ ጋር ወደ ቀብሩ ወጡ።

«ስታዪኝ እንደነበር አውቃለሁ» አላት ማኑሄ ሁለቱ ሲቀሩ። «ስክሪኑን ወደ አንቺ ዞር አድርጌ የምሠራው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺስ?»

ጁወይሪያ ሄዳ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።

«ዛሬ የሄድኩት ሥራ ልጠይቅ ነው» አለ። «በምን ትሠራለህ አሉኝ። ስነግራቸው ሙዚየም የመጣሁ ይመስል ሳቁብኝ። ያ በስልክ ስትጠይቂ የሰማሁት ማሠልጠኛ፣ ምዝገባው መቼ ነው?»

«ነገ ያበቃል» አለች። ከዚያም፣ የራሷን ነገር ከመናገር ይህ የሚቀላት ይመስል፣ «ፎቶ ይፈልጋሉ፤ ይዘህ ሂድ» አለችው።

ማኑሄ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እንዲህ አንደበቱ ተፈቶ፣ እጁ አላርፍ ብሎ አይታው አታውቅም። የሚነግራት ነገር ተግተልትሎ መጣ፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ፊደል እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ዳይሬክተር ፈተናውን በመጨረሻ ሰዓት እንደሚለውጥ። መሀል ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«አትደንግጪ። ሲሞቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። ጎኑን መታ አድርጊው። የኔን ሳይሆን የሱን!»

ጎኑን መታችው። ስክሪኑ በራ።

«አየሽ?» አላት ማኑሄ እየሳቀ። «ለመደሽ።»